ስድስት ጊዜ

ወንድሟ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለ። ቁንዶ «ስድስት ጊዜ ነው» አለች።

በወንድሟ አባባል አዲሱ መኪና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ ባዶው የከባድ መኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ አንዴ ተወነጨፈ፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በቁንዶ አባባል ግን ተወነጨፈ፣ ዞረ፣ እንደገና ተወነጨፈ። ጎማው እስኪጨስ፣ የተቃጠለ ነገር እስኪሸት ድረስ ስድስት ጊዜ ተመላለሰ።

ሁለቱም ከአንድ እናት የተወለዱ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ናቸው። ሁለቱም እዚያው ሜዳ ላይ ነበሩ። እንግዲህ አንዳቸው ዋሽቷል ማለት ነው። ወንድሟ የሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ የቆመው ሰው ሁሉ ደግሞ ውሸታሙን ያወቀ መስሎታል።

«እህት በወንድሟ ላይ እንዴት ትዋሻለች?» አሉ የመኪናው ባለቤት። «ብትዋሽ እንኳ ለሱ ብላ ነው እንጂ!»

ሰውየው የሰፈሩ ፋርማሲ ባለቤት ናቸው። ሐኪም ባይሆኑም ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ተቃውመው አያውቁም። ከኋላቸው የቆመችው ልጃቸው የቁንዶ የልብ ጓደኛና የክፍል ጓደኛ ናት። አፏ ማቆሚያ የለውም ተብሎ ተማሪው ሁሉ «ፍሬን» የሚላት እሷን ነው። የቁንዶ ስም የወጣው ደግሞ እንደ ቁንዶ በርበሬ ትንሽ ሆና ስለምታቃጥል ነው።

«አባቴ ይሙት፣ አንድ ጊዜ ነው!» አለች ፍሬን።

«አባትሽ እዚሁ ቆሟል፤ አትግደይው» አሉ ዶክተር። «አንቺ አብረሽ ስትወነጨፊ የነበርሽ፣ ምስክር ልትሆኚ ነው?»

ባለጋራዡ ሳቃቸውን ዋጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። አንድ የታወቀ ልማድ አላቸው። ማንኛውም መኪና ይምጣ፣ ብሎን ከመንካታቸው በፊት መኪናው ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ ሰብስበው ይጠይቃሉ። ምን ሰማህ? ምን ሸተተሽ? ማን ነበር የያዘው? «ሐኪም እንኳ የት ጋ ያምሃል ሳይል ቢላ አያነሳም» ይላሉ። ዛሬም ቁንዶን ከትምህርት ቤት እንደወጣች ያስጠሯት ለዚህ ነው።

መኪናው ከጉድጓዱ በላይ ቆሟል። ቀለሙ አመድማ ነው፤ የወንበሮቹ ላስቲክ እንኳ ገና አልተገፈፈም። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ይንገጫገጫል።

«ስሙኝ» አሉ ባለጋራዡ። «ይሄ ላውንች ኮንትሮል የሚሉትን ነገር፣ መኪናውን ከቆመበት የሚያስወነጭፈውን ቁልፍ፣ ፋብሪካው ራሱ ነው የሠራው። ሰው እንደሚነካው አውቆ ነው የሠራው። ሞተሩ ሞቆ፣ አንዴ ቢወነጨፍ ጥፊ ነው፤ በጥፊ የሞተ የለም። ጥፋቱ መኪናው ጨቅላ መሆኑ ላይ ነው። የአዲስ መኪና ብረት ገና እርስ በርሱ አልተላመደም፤ እስኪላመድ በእርጋታ ይነዳል። መጽሐፉም ላይ ተጽፏል።» ይህን ሲሉ ወንድሟን አዩት። አንገቱን ደፋ። «ስድስት ጊዜ በላይ በላዩ ከሆነ ግን ዱላ ነው። ፍሪሲዮኑ ሳይበርድ ሲደጋገምበት ይቃጠላል። መንገጫገጩም ከዚያ ነው ማለት ነው። ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ አውርደን፣ ከፍተን ማየት አለብን።»

«ከተከፈተስ?» አሉ ዶክተር።

«ከተከፈተ የሻጩ ዋስትና አበቃ።»

«አንድ ጊዜ ከሆነስ?»

«አይነካም። አዲስ ካምቢዮ የነጂውን እግር እስኪለምድ ሊንገጫገጭ ይችላል። በእርጋታ እየነዳን እናየዋለን፤ ካልተሻለው ለሻጩ ነው።»

«ኮምፒውተሩ አይናገርም?»

«ጠይቀነዋል፤ ስህተት የለብኝም አለ። የኛ ኮምፒውተር ጉድለት ነው የሚያነበው፤ የሰው እግር አያነብም።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞሩ። «አንተን ደግሞ፣ አንዴ ከሆነ ተቆጥቼ እተውሃለሁ። ስድስት ከሆነ ቱታህን ታወልቃለህ። በደንበኛ መኪና የሚጫወት ሰው እኔ ጋ አይሠራም።»

ወንድሟ ቁንዶን አያት። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ብታይ ይሻላት ነበር። ያየችው ግን ያልገባው ሰው ዓይን ነው። ምን አድርጌሽ ነው? የሚል ዓይን።

ምን እንዳደረጋት እሷ ታውቃለች።

ከዚህ መኪና በፊት ቅዳሜ የቁንዶ ነበር። ወንድሟ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲሠራ እሷ የመፍቻ ሳጥኑ አጠገብ ትቀመጣለች። እሱ ቀና ሳይል ከመኪናው ሥር እጁን ብቻ ይዘረጋል፤ «አስራ ሦስት» ካለ አስራ ሦስቱ፣ «ፒንሳ» ካለ ፒንሳው መዳፉ ላይ ያርፋል። ተሳስታ አታውቅም። ሥራው ሲያልቅ በጋራዡ አሮጌ ፒክአፕ አንድ ዙር ይዟት ይሄዳል። መስኮቱ አይዘጋም፤ የፊተኛው ወንበር ስፖንጅ ወጥቶ ይቆረቁራል። ያ ወንበር ግን የሷ ነበር።

ዶክተር መኪናውን ሲገዙ መንጃ ፈቃዳቸው ገና ትኩስ ነበር። መሪ ሲይዙ እጃቸው ስለሚያልባቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን እያለማመደ እንዲያጥብላቸው ወንድሟን ለመኑት። ፍሬንም አብራ መምጣት ጀመረች። የአባቷ መኪና ነውና የፊተኛው ወንበር ለሷ ሆነ። ቁንዶ ኋላ ተቀመጠች።

ወንበሩን እንኳ ትችለው ነበር። ያቃታት ወሬው ነው። ፍሬን «ይሄ ምንድን ነው? ያስ?» እያለች ትጠይቃለች፤ ወንድሟ ሳይሰለች ያስረዳታል። ድሮ ቁንዶን ባስረዳበት ቃል፣ በዚያው ምሳሌ፣ በዚያው ቀልድ። በሁለተኛው ሳምንት ፍሬን ክፍል ውስጥ ቆማ «ዋናው ጉልበት አይደለም፣ ቶርክ ነው» ስትል ቁንዶ ከኪሷ እንደተሰረቀ ሰው ደነገጠች። በሦስተኛው ሳምንት ፍሬን ዓይኗን በጨው አጥባ «ወንድምዬ» ብላ ጠራችው። እሱም «አቤት» አለ። ያውም እየሳቀ።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ።

«አንዴ ብቻ!» እያለች ለመነች ፍሬን። «ቁልፉ እዚህ አለ አይደል? ታዲያ ለጌጥ ነው የተቀመጠው?»

«ገና አዲስ ነው» አለ ወንድሟ።

«አንዴ! በናትህ!»

ወንድሟ ሜዳውን አየ። ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው። ዓይኑ ሲበራ ቁንዶ በመስታወቱ አየችው፤ እሱም ከፍሬን ያላነሰ ጓጉቷል። «እሺ፣ አንድ ጊዜ» አለና ወደ ኋላ ዞረ። «ቁንዶዬ፣ ወርደሽ ቅረጪን። አንቺ እጅሽ አይንቀጠቀጥም።»

ወረደች። ስልኩን ይዛ አጥሩ ሥር ቆመች። ወንድሟ በግራ እግሩ ፍሬኑን፣ በቀኝ እግሩ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠ። መኪናው ቆሞ አገሳ። ከዚያ ፍሬኑን ሲለቀው ከወንጭፍ እንደወጣ ድንጋይ ሄደ፤ የጓደኛዋ ጩኸት ከአቧራው ኋላ ቀረ። ሜዳው ጫፍ ላይ ቆሙ። ቁንዶ በስልኩ መስታወት ውስጥ ሁለቱ መዳፋቸውን ሲያጋጩ አየች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ቀረጻውን ግን እዚያው ላይ ቆረጠችው።

ሲመለሱ «አሁን የኔ ተራ» አለች።

«አይሆንም፣ አንድ ይበቃዋል። ገና ጨቅላ ነው እኮ።»

«ለሷ ሲሆን ጨቅላ አልነበረም?»

«የሷ መኪና ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ለቀልድ ነው ያለው። ቁንዶም ቀልድ መሆኑን ታውቃለች።

ቪዲዮው በማግስቱ የተማሪውን ስልክ ሁሉ አዳረሰ። ከሁለት ቀን በኋላ ዶክተርም አዩት። ቁንዶ ለእናቷ የግፊት መድኃኒት ልትገዛ ፋርማሲው ስትገባ ኪኒኑን እየቆጠሩ ቀና አሉ። «ልጄ፣ አንቺ ጨዋ ነሽ። ቪዲዮው አንዱን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ እውነቱን ንገሪኝ፣ ስንት ጊዜ ነው ያደረጉት? መኪናው ከትናንት ጀምሮ ያመው ይመስላል።»

አንድ ጊዜ ልትል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በመስታወቱ ወደ ውጭ አየች። መኪናው ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ የፊተኛው ወንበር ላይ ፍሬን ቁጭ ብላ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ ስልክ ትነካካለች።

«ስድስት ጊዜ» አለች ቁንዶ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ እግር ሄደ፤ ከፋርማሲ ወደ ጋራዥ፣ ከጋራዥ ወደ ቤት። ትናንት ማታ ወንድሟ ራቱን ሳይጨርስ ተነሳ። አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም።

አሁን ባለጋራዡ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደሷ ቀረቡ።

«ልጄ፣ ቅድም ያልሽውን ነው የምትዪው?»

ቁንዶ በአዎንታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«በል እንግዲህ» አሉ ወንድሟን። «አንተው አውርደው። ከዚያ ቱታህን ትሰጠኛለህ።»

ወንድሟ አልተከራከረም። ሁለት ሰው ከሚመሰክርበት አንድ ሰው ቢመሰክርበት ይከፋል፤ ያ አንድ ሰው እህቱ ከሆነች። መብራቱን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ከሥር ብረት ሲነካካ ተሰማ። ዶክተር የመኪናቸውን ጣሪያ እንደ ታማሚ ልጅ ግንባር ይዳብሳሉ። ፍሬን ታለቅሳለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ወሬ።

ከዚያ ከመኪናው ሥር አንድ እጅ ወጣ። በግራሶ የጠቆረ መዳፍ፣ እንደ ተከፈተ።

«አስራ ሰባት» አለ ወንድሟ።

ለማን እንዳለ እሱም አላሰበውም፤ የለመደ አፉ ነው የተናገረው። ፍሬን እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ መፍቻ ሳጥኑ ሄደች። አንዱን አነሳች፣ መለሰች፣ ሌላ አነሳች። አስራ ዘጠኝ ነበር። ቁንዶ ቁጥሩን ማየት አላስፈለጋትም፤ ከርዝመቱ አወቀችው። ፍሬን ያን ሁሉ ቅዳሜ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ያን ሁሉ ማብራሪያ ሰምታ፣ ይህን አላወቀችም። ይህን ወንድሟ አላስተማራትም።

እጁ አሁንም እንደተዘረጋ ነው።

ቁንዶ በልቧ ሜዳውን አየችው። ስድስት የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣላት ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ አድራ ነበር። አሁን ገባት። በእውነት ስድስት ቢሆን ኖሮ፣ አንዱ የሷ ይሆን ነበር። ወንድሟ አንዱን እንኳ ያልሰጣት ሁለተኛ ስላልነበረ ነው። የጨቅላ መኪና ነገር ሰበብ መስሏት ነበር፤ እውነቱን ነው ያላት። መኪናው ያልተወነጨፈው አምስት ጊዜ ሁሉ እሱ እምቢ ያለበት ነው። እሷ ደግሞ እምቢ ያለበትን ቆጥራ ወንጀል አደረገችበት።

ፍሬንን አልፋ ሄደች። ከሳጥኑ አስራ ሰባቱን ሳታማርጥ አነሳች። ብረቱ ይቀዘቅዛል። ከጉድጓዱ አፍ ተንበርክካ መዳፉን አየችው፤ አውራ ጣቱ ላይ የድሮ ጠባሳ አለ፣ ፒክአፑን ሲጠግን ያገኘው። መፍቻውን ብታስቀምጥለት ጣቶቹ እንደሚዘጉ፣ ብሎኑም እንደሚፈታ ታውቃለች።

«አስራ ሰባት አልኩ እኮ» አለ ከሥር፣ በደከመ ድምፅ።

ቁንዶ መፍቻውን ወደ ደረቷ አስጠግታ ተነሳች። ዶክተርን ማየት ከበዳት፤ ቢሆንም አየቻቸው። ባለጋራዡንም አየች።

«አልሰጠውም» አለች። «ካምቢዮው አይፈታም። አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም ፍሬን ናት የሄደችበት። ስድስቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»