ያላልኩት «ወዬ»

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ፣ እሱን አልክድም፣ ግን የምፈራው የሚታየውን ነው፣ የተላጠ የመብራት ገመድ፣ ፍሬኑ የላላ ባጃጅ፣ እባብ፣ ልጄ ሰዓዳ ሹራብ ሳትደርብ መውጣቷን። ጂን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ሲያወራ ግን «እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል» ብዬ ወደ ሥራዬ የምዞር ነበርኩ፣ እንዲያውም መርሳ ከተማ፣ ሰፈራችን ውስጥ ሴቶቹ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀምሩ እኔን ካዩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፣ እንዳልስቅባቸው። ዛሬ የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ፣ ሳቁን እችለዋለሁ፣ ያልቻልኩት ሌላውን ነው።

ሰዓዳ እዚያው መርሳ አንድ ፎቶ ቤት ትሠራለች፣ የመታወቂያ ጉርድ ታነሳለች፣ ሰርግ ሲኖር ደግሞ ትልቁን ካሜራ አንግታ ትሄዳለች። ሰርግ በሌለበት ሰሞን የፎቶ ቤቱ ባለቤት ካሜራውን ቤት ወስዳ እንድታሳድረው ይፈቅድላታል፣ ታዲያ በዚሁ በሰርግ ካሜራ ኮከብ ማንሳት እንደሚቻል ስልኳ ላይ ካየች ወዲህ ሰላም የለንም። መጀመሪያ ግቢያችን ውስጥ ሞከረች፣ የከተማው መብራት ሰማዩን ሻይ አስመስሎት ወጣ። በሌላ ቀን ደግሞ ሌንሱ በጨለማ የሚይዘው አጥቶ «ዝዝ» እያለ ወዲያ ወዲህ ሲል አመሸ፣ ኮከቦቹም ውሃ እንደነካው ስኳር ሟሙተው ወጡ። ቆይቶ ገባት፣ ለካስ ሌንሱን በራሱ እንዲያጠራ መተው አይቻልም፣ አንዱን ደማቅ ኮከብ ስክሪኑ ላይ አጉልተሽ የመርፌ ጫፍ እስኪያክል ድረስ ቀለበቱን በእጅሽ ቀስ እያልሽ ታዞሪያለሽ፣ ከዚያ ካሜራው በሦስት እግሩ ላይ እንደቆመ ሌንሱ ሃያ ሰከንድ ያህል ተከፍቶ ይቆያል። ከዚያ ካለፈ ኮከቡ መስመር ይሆናል አለችኝ፣ ምድር ስለምትዞር። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ግን ምድር መዞሯን አውቃለሁ።

የቀራት ጨለማ ነበር። ጨለማ ደግሞ ያለው ወንድሜ ሰይድ ዘንድ ነው፣ ሲሪንቃ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ማሽላው ጫፍ። ጨረቃ የሌለችበት የጥቅምት ምሽት ጠብቀን ሄድን፣ ብቻዋንማ አልለቃትም፣ ፎቶ ቤቱ ድረስ እንኳ የምሸኛት ሴት ነኝ።

ሰይድ ካሜራውን አየና ሳቀባት። «የምድሩ ሙሽራ አልቆ ነው ወደ ሰማይ የወጣሽው?»

«ሙሽራ ይቁነጠነጣል አጎቴ፣ ኮከብ ነው አርፎ የሚነሳልኝ።»

«በይ እንግዲያ፣ ሲያገባ እኔን ሳይጠራ እንዳይቀር!»

መግሪብ ተሰግዶ ልንወጣ ስንል ግን ፊቱ ቁም ነገር ያዘ፣ «እትዬ፣ አብሬያችሁ ልምጣ፣ ከማሽላው በስተቀኝ ክረምት ጎርፍ የቆረሰው ገደል አለ» አለኝ። «አንተ ዒሻህን ስገድ፣ እኔ እያለሁላት ምን ትሆናለች?» አልኩት። ይህን ቃል በገዛ አፌ ተናግሬዋለሁ።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ሰማዩ ዝቅ ብሎ የወረደ ይመስል ነበር፣ ሰዓዳ ፍኖተ ሐሊብ የምትለው ያ ነጭ መንገድ ከራሳችን በላይ ተነስቶ ከአድማሱ ጋር ተገናኝቷል። ሰዓዳ ዓይናችን ጨለማውን እንዲለምድ ብላ ባትሪው ላይ ቀይ ፌስታል አስራለች፣ ካሜራውን ዝቅ አድርጋ ተከለችው፣ ሰው ከፊቱ ቢቆም ሰማዩ ላይ ጥቁር ሆኖ እንዲታይ። በስተግራ አንድ ግራር አለ፣ እሷ እዚያ ሥር ልትቆም፣ እኔ ደግሞ ቁልፉን ልጫንላት ተስማማን። «‹ቻክ› ሲል ተከፈተ፣ ሁለተኛ ‹ቻክ› እስኪል ባትሪ እንዳታበሪ፣ ፎቶው ይበላሻል፣ እማ» አለችኝና ብቻዋን በጨለማው ሄደች፣ ባትሪውም ስልኳም እኔ ዘንድ ቀሩ።

አንዱን አነሳሁ፣ በደህና አለቀ። «ድገሚው!» አለችኝ ከግራሩ ሥር፣ ደገምኩት። ሁለተኛው «ቻክ» ሲል ባትሪውን አብርቼ እግሬ ሥር ወደ መሬት አዞርኩት። ማሽላው ንፋስ ሳይኖር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፣ የሜዳ አይጥ ነው አልኩ። ቆየት ብሎ ድንጋይ ተንከባሎ ወረደ፣ ታች እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ፣ በገደሉ በኩል ነበር። ከዚያው በኩል፣ ልጄ ካለችበት ከግራሩ ተቃራኒ፣ «እማ?» የሚል መጣ።

እመኑኝ፣ ያቺ የሰዓዳ ድምፅ ናት። ግን ሰዓዳ በግራዬ ነው የቆመችው፣ ይሄ በቀኜ ነው። እናቴ በልጅነቴ «ሲመሽ ከሜዳ የጠራሽን፣ ማን መሆኑን ሳታዪ ወዬ አትበይው» ትለኝ ነበር፣ እኔም ሳድግ የሳቅኩበት ነገር ነው፣ ያን ጊዜ ግን ምላሴን እንደ ገመድ አሰረው።

«እማ! ዞሮብኛል፣ የት ነሽ? ባትሪውን አብሪልኝ!»

ይህን የሰማች እናት ምን ታደርጋለች? እኔ ባትሪውን አጠፋሁት። ወላሂ አጠፋሁት፣ ሻርፔን ፊቴ ላይ ስቤ ከካሜራው እግር ሥር ቁጭ አልኩ። ድጋሚ ጠራችኝ፣ አሁን እንደ ሕፃንነቷ ድምጿ ለቅሶ ያዘው፣ እኔ ግን ትንፋሼን ዋጥኩ። እጄ ቁልፉን እንደያዘ ስለነበር ሳላስበው ተጫንኩት መሰለኝ፣ ካሜራው «ቻክ» አለ። በዚያች ቅጽበት ከቀኝ፣ እሷ ከጠራችበት አጠገብ፣ አንዲት ሴት መለሰችላት።

«ወዬ፣ አብሽሪ ልጄ፣ ባለሽበት ቁሚ።»

ድምፁን የማውቀው መሰለኝ፣ ግን የማን እንደሆነ አልመጣልኝም። ሰው የራሱን ድምፅ ስልክ ላይ ተቀርጾ ሲሰማ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ይል የለም? እንደዚያ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ማሽላው ተንኮሻኮሸ፣ ሰዓዳ በቀኝ በኩል መጥታ አጠገቤ ዘጭ አለች፣ አንገቴን አቀፈችኝ። «ከግራሩ ስመለስ ዞረብኝ፣ ወደ ገደሉ ሄጄ ኖሯል፣ ወዬ ባትዪኝ አልቆልኝ ነበር፣ እማ!» አለችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «ግን እንዴት ቀደምሽኝ? አሁን እኮ ነው እጄን የለቀቅሽኝ። ደግሞ እጅሽ እንዴት ቀዝቅዞ ነበር!»

አያችሁ፣ ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «ሰምቼሽ ዝም አልኩ፣ መብራትም አጠፋሁብሽ» ማለት ነበረብኝ። «ሮጥ ብዬ ነው የመጣሁት» አልኳት።

በነጋታው ሰበብ ፈጥሬ ብቻዬን ሄጄ አየሁት። የጫማዋ ዱካ ገደሉ አፋፍ ድረስ ሄዶ ቆሟል፣ የፊተኛው ዱካ ግማሹ አፈር ላይ ግማሹ ምንም ላይ ነው። ከጎኑ ሌላ ዱካ ፈለግኩ፣ የለም።

ያን ሦስተኛውን ፎቶ ሳላውቀው አንስቼው ነበር። ኮከቦቹ እንደ መርፌ ጫፍ ጠርተው ወጥተዋል፣ ከግራሩ ሥር ማንም የለም፣ በቀኝ ጥግ ሰዓዳ ጥቁር ሆና ቆማለች፣ ከጎኗ ደግሞ ኮከብ የሌለበት ቦታ አለ። ቁመቱ የሴት፣ ራሱ የተሸፈነ፣ አንድ ክንዱ ወደ እሷ የተዘረጋ። «እማ፣ ይሄ እኮ አንቺ ነሽ! የሚንቀሳቀስ ሰው በዚህ ፎቶ አይወጣም፣ እንዴት አርፈሽ ብትቆሚልኝ ነው!» አለችኝ ደስ ብሏት። እኔ ከካሜራው ጀርባ ነበርኩ። ከካሜራ ጀርባ ያለ ሰው ፎቶ ውስጥ አይገባም፣ እሷ ይህን ከእኔ በላይ ታውቃለች፣ ግን እናቷ ሳትመልስላት ትቀራለች ብላ ማሰብ አልቻለችም።

አሳጥባ በፍሬም ሳሎን ሰቀለችው። እንግዳ ሲመጣ ታሪኩን ትነግራለች፣ ሴቶቹ «ማሻ አላህ፣ እናት እንዲህ ናት እንጂ» እያሉ ወደ እኔ ይዞራሉ፣ እኔ ምንጣፉን አያለሁ። ሰይድ እንኳ አንድ ቀን «ያኔ እኔ እያለሁላት ያልሽኝ እውነትሽን ኖሯል፣ እትዬ» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ፣ ከመሳሙ ይልቅ በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ልነግራት ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። የማፍረው ከእሷ ብቻ ቢሆን ተናግሬ እገላገል ነበር፣ ያቺንም የማላውቃትን አፍራታለሁ፣ የእኔን ሥራ ሠርታልኝ ምስጋናዋን ወስጄባታለሁ። ደግሞም እፈራለሁ፣ ልጄን ያዳነ ነገር ለምን በእኔ ድምፅ ተናገረ?

አሁን ሰዓዳ ከጓዳ «እማ» ስትል የያዝኩትን ጥዬ ነው የምመልሰው፣ ማንም እንዳይቀድመኝ። ባለፈው ጁምዓ ጠራችኝ፣ «ወዬ!» አልኳት ከደጅ። እየሳቀች ወጣች።

«አንዴ ይበቃል እኮ እማ፣ ሰምቻለሁ፣ ምን ሁለቴ ያስብልሻል?»

ያልኩት አንዴ ነው።