መቃብር ያላቀዘቀዘው ካባ

እሳት በማይነድበት ቀን የመጣን እንግዳ በምን ያሞቁታል? ያንሹ ከጦር ሜዳ የተመለሰው ቀን አጥቶ በዚሁ ቀን ነው። የጸደይ መባቻ ስለሆነ እንደ ወጉ ምድጃው ሁሉ ጠፍቷል፤ ሰው የሚበላው ትናንት የበሰለ ቀዝቃዛ ምግብ ነው፣ ለሙታኑም ያንኑ ይዞ ወደ መቃብር ይሄዳል። መንደሩ ላይ ጭስ አልነበረም። ጉም ብቻ ነበር።

ጂንሱ ለሐር ትሎቿ የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል እየለቀመች ነበር።

«ጂንሱ» አለ ከዛፉ ጀርባ አንድ ድምፅ። «እንዳትጮሂ።»

ቅርጫቷ ከእጇ ወደቀ። ድምፁን ታውቀዋለች። ችግሩ፣ የድምፁን ባለቤት በብርዱ ወራት ቀብረውታል።

እውነቱን ለመናገር የቀበሩት ካባውን ነው። ከድንበሩ ምሽግ «አልተረፈም» የሚል ወሬ መጣ፣ ሬሳው ግን አልመጣም። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ካባውን ይዞ ጣራ ላይ ይወጣል፤ ወደ ሰሜን ዞሮ እያውለበለበ ነፍሱን በስሙ ይጠራታል። ነፍስ ከሰማች ካባው ውስጥ ትገባለች፤ ካባው ሬሳው ላይ ሲደረግ ወይ ሰውየው ይነሣል፣ ወይ ቁርጡ ይታወቃል። የያንሹ አባት፣ ሽማግሌው ሜንግ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ልጁን ጠራ። ያን ጊዜ ጂንሱ ማንንም ሳታስፈቅድ መሰላሉን ወጣች። ገና እጮኛው ናት እንጂ ሚስቱ አይደለችም፤ ሴት ልጅስ ጣራ ላይ ምን ትሠራለች? ካባውን ከሽማግሌው እጅ ነጥቃ፣ ክፉ መንፈስ እንዳይመኘው ተብሎ በወጣለት የልጅነት ስሙ ተጣራች።

«ቡችላ! ና ወደ ቤት!»

ሰው ሁሉ አፈረላት። ከዚያ ካባውን ሣጥን ውስጥ አድርገው፣ ሰው እንደሚቀበር ቀበሩት።

አሁን ቡችላ ከዛፉ ጀርባ ቆሟል። የተዋወቁትም እዚሁ ዛፍ ሥር ነበር። ቅርንጫፍ ተሰብሮባት ትከሻው ላይ ስትወድቅ፣ «ዛሬ ዝናብ ይጥላል አሉኝ እንጂ ሴት ይጥላል አላሉኝም» ብሎ ነበር። ያን ቀን ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ነበር። ዛሬ እንደ ሰም ገርጥቷል።

«ቤት ሄጄ ነበር» አለ። «አባባ በኮክ ቅርንጫፍ ገረፈኝ። መንፈስ ያባርራል ብሎ። እማዬ በሩን ዘጋችብኝ። ነገ ጠዋት መንፈስ አባራሪውን ሊያመጡብኝ ነው።»

«መንፈስ ነህ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ቀረብ አለችው። ከብርዱ የተነሣ የእሷ ትንፋሽ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከእሱ አፍ ምንም አይወጣም። ይህን አየች። ፈርታለች። ናፍቆቷ ግን ከፍርሃቷ በለጠና እጁን ያዘችው። እንደ ውኃ ጉድጓድ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

«የት ነበርክ?»

«በረዶው ላይ፣ ከጓደኞቼ ጋር ወድቄ። ብርዱም ረሃቡም ለቆኝ፣ ተመችቶኝ ነበር። ድንገት ‹ቡችላ፣ ና ወደ ቤት› ሲባል ሰማሁ። በዚያ ሁሉ ወታደር ፊት! አፍሬ ተነሣሁ።»

«ማን ሰማኝ ብለህ ነው ያፈርከው?»

«ሙታኑ። አንዱ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ።»

እሷም ልትስቅ ነበር። አፏን ይዛ አለቀሰች።

«ከዚያ ወዲህ ይበርደኛል» አለ። «እሳት አቅፌ ብቀመጥም ይበርደኛል። ያን ሁሉ አገር በእግሬ መጣሁ፣ አልደከመኝም። ውሻ አይጮህብኝም፣ ይሸሸኛል። ጂንሱ፣ አንድ ነገሬ ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ አላውቅም።»

እሷ ግን አወቀች። ነፍሱን የጠራችው እሷ ናት፤ ነፍሱም ሰምታ ወደ ካባው መጣች። እነሱም ካባውን ቀበሩት። ገላው በእግሩ ሲኳትን ነፍሱ ቀድማው ገብታ አፈር ለብሳለች። ነገ አባራሪው ገላውን ካሳደደው ሁለቱ መቼም አይገናኙም።

«ና፣ እናወጣዋለን» አለችው።

«መቃብር የከፈተ በገመድ ይታነቃል።»

«አንተን አያንቁህም፣ ሞተሃል። እኔን ካነቁኝ ደግሞ ያው እኩል እንሆናለን።»

ሰዉ ወደ መቃብር የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ጂንሱ ከቤቷ ዶማ ይዛ ወጣች፤ ጉሙ ሳይነሣ ደረሱ። ያንሹ ወደ ገዛ መቃብሩ መጠጋት አቃተው፤ እግሩ እምቢ አለው። ጂንሱ ብቻዋን ቆፈረች፤ መዳፏ ተላጠ፤ የሣጥኑን ክዳን በዶማዋ ገንጥላ እጇን ሰደደች።

ካባው ሞቃት ነበር። አሁን ከሰው ጀርባ ላይ የወለቀ ያህል ሞቃት። ሐሩን የፈተለችው እናቱ ናት፣ የሰፋችው ጂንሱ ናት፤ ስፌቷን በጣቷ ታውቀዋለች። ሻጋታ እንኳ አልነካውም። እየዘገነናትም ደረቷ ላይ አቀፈችው።

አለበሰችው። ምንም የለም። ቆሙ፣ ተያዩ። ቀስ ብላ ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ ካልሆነም እዚሁ አብሬው እቀመጣለሁ ብላ ቆረጠች።

ያንሹን አነጠሰው። ከአፉ ነጭ ትንፋሽ ወጣ።

«ይማርህ» አለች ጂንሱ፣ ሌላ የምትለው ስላጣች።

የመንገዱ ድካም ሁሉ ባንዴ ወረደበትና መሬት ላይ ዘጭ አለ። «ራበኝ» አለ። «ኧረ ራበኝ፣ ጂንሱ።»

«ጂንሱ» አለ ሌላ ድምፅ። እናቱ ነበረች። ማልቀሷን ባሏ እንዳያይባት ቀድማ ብቻዋን መጥታለች፤ በእጇ የቁርቁራ ፍሬ የገባበት ቂጣ በቅርጫት ይዛለች። የተከፈተውን መቃብር አየች። ልጇን ግን አላየችውም፤ ዓይኗን ከጂንሱ ላይ አልነቀለችም።

«ልጄን አልቅሼ ቀብሬዋለሁ» አለች። «ዳግመኛ የማለቅስበት ዓይን የለኝም። ይሄን ሰው አላውቀውም።»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ንገሪው፣ አላውቀውም። ከራበው ግን ይብላ።»

ቅርጫቱን መሬት ላይ አኖረች። እጇ ወደ ካባው ጫፍ ተዘረጋና መንገድ ላይ ተመለሰ።

«መቃብሩን መልሰሽ ድፈኚው፣ አባቱ እንዳያይ። ከዚያ ሂዱ። እዚህ ስሙ ከሙታን ጋር ተጽፏል፤ በሕይወት አያኖሩትም። እኔ በየዓመቱ በዚህ ቀን ለልጄ አቀርብለታለሁ። እናት ሌላ ምን ታውቃለች?»

ዞራ ሄደች። ያንሹ ቂጣውን እያለቀሰ በላ።

ወደ ደቡብ ወረዱ፤ ስም ለውጠው ሐይቅ ዳር ጎጆ ቀለሱ፤ ልጆችም ወለዱ። ያንሹ እንደማንኛውም ሰው ያልበዋል፣ ያንኮራፋል፣ ይነጫነጫል። በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ እሳት በማይነድበት ቀን፣ ጂንሱ ቀዝቃዛ ገንፎ ስታቀርብለት ገፋ ያደርገዋል።

«ጠግቤያለሁ» ይላል ሆዱን እያሻሸ። «እማዬ ዘንድሮ ቂጣው ላይ ማር አብዝታለች።»

«የኔ አልጥምህ ብሎ ነው በል እንጂ» ትለዋለች። ልጆቹ ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች፤ ጀርባዋን ግን ይሰቀጥጣታል።

አንድ ዓመት በዚያው ቀን ያንሹ ገንፎውን ጨረሰ። ሳህኑን ጠረገ፤ ድገሚኝ አለ። ደገመችው፤ ያንንም ጨረሰ። ያኔ ጂንሱ ማንኪያዋን አስቀመጠች፤ ዘንድሮ መቃብሩ ላይ ቂጣ ያኖረለት የለም ማለት ነው።

«ቡችላ» አለችው ቀስ ብላ።

«ራበኝ» አለ። ድምፁ የሕፃን ነበር።

ካባውን ከሣጥን አውጥታ ሰጠችው። ጣራው ላይ ወጣ፤ ወደ ሰሜን ዞሮ እናቱ የፈተለችውን ሐር እያውለበለበ ተጣራ። «እማዬ፣ ነይ ወደ ቤት።» ደጋግሞ ተጣራ፤ ሲወርድ እጁ በነፋሱ ደርቆ እንደ በረዶ ነበር።

ጂንሱ ካባውን ልታጥፈው ተቀበለችው። ሞቃት ነበር።

አላጠፈችውም። ከልጆቹ መካከል ባለው ወንበር ላይ ደግፋ አስቀመጠችው፤ ፊት ለፊቱም ገንፎ ሞልታ አኖረች።

«ይግቡ እማዬ» አለች። «እሳት የለንም እንጂ ቤቱስ ሞቃት ነው።»