የተሰወረው ቃለ ጉባኤ

ሰውየው አሁንም ከኋላዋ ነው።

ሰዓዲያ ቦሌ መንገድ ላይ ጫማ መሸጫ ፊት ቆማ በመስታወቱ አየችው። ግራጫ ጃኬት ለብሷል፤ የያዘውን ጋዜጣ አያነብም። ካፌ ገባች፣ በጓሮ በር ወጣች። ጋሽ ላጲሶ ቤት ስትደርስ ብቻዋን ነበረች።

ጊዜው ጥቅምት 1987 ነው። አዲሱ ሕገ መንግሥት ሊጸድቅ ሳምንታት ቀርተውታል። ሰዓዲያ ስም በሌለው ቢሮ የምትሠራ ሰላይ ናት፤ ለጋሽ ላጲሶ ግን አራት ወር ሙሉ «ሳና» የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆናለች። አለቃዋ ዘርአጽዮን የምስጢር ስሙ «ደብተራ» ነው። ትእዛዙም አጭር ነበር፦ ቃለ ጉባኤውን ከሽማግሌው ተቀበይ፤ ሳትከፍቺ አምጪ።

ጋሽ ላጲሶ በ1966 የንጉሡን ሥልጣን በሕግ ሊገድብ የተነሣው አርቃቂ ጉባኤ ጸሐፊ ነበሩ። የዚያን ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ሃያ ዓመት ኮርኒስ ውስጥ ደብቀው አቆይተዋል።

«በምን ነበር የተከራከራችሁት፣ ጋሼ?»

«‹ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ› እየተባልን አደግን። በ1923 ሕገ መንግሥት ሲወጣም ንጉሡ ሰጪ፣ እኛ ተቀባይ ነበርን። በ66 ግን አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ ‹ንጉሡም ቢሆን ያለ ዳኛ ሰው አያስርም ተብሎ ይጻፍ› አለ። ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን። ተጻፈ።»

«ከዚያስ?»

«ደርግ መጣ። ያው ጓደኛችን ያለ ዳኛ ታሰረ፤ አልተመለሰም። የጠቆመበት ከመካከላችን አንዱ ነው። የጥቆማው ደብዳቤ ከኋላ ተያይዟል።» ፖስታውን ሰጧት። «ልጄ፣ አዲሱን ሕገ መንግሥት ለሚያጸድቀው ጉባኤ አድርሺልኝ። ሐሳቡ ትናንት እንዳልተወለደ ይወቁ።»

ታክሲ ውስጥ ፖስታውን ከፈተችው። ደብዳቤው ግርጌ ላይ የምታውቀው ፊርማ ነበር።

የዘርአጽዮን።

ከመንገድ ስልክ ደወለችለት።

«ዕቃው እጄ ገብቷል።»

«ከፍተሽዋል?»

«አልከፈትኩም።»

«ጥሩ። ሽማግሌውን እርሺው። ሰው ልኬበታለሁ።»

ስልኩን ዘጋች። ግራጫ ጃኬት የለበሰው የማን ሰው እንደነበረ አሁን ገባት። ብትመለስ እሷም ወረቀቱም ከጋሽ ላጲሶ ጋር ይያዛሉ። እግሯ ወደ ቤታቸው ዞረ። አቆመችው።

ደብዳቤውን ፎቶ ኮፒ አስነስታ ለሁለት ጋዜጦች ሰጠች። ዋናውን ከቃለ ጉባኤው ጋር የአዲሱ ጉባኤ መዝገብ ቤት አስገባች። የተቀበለቻት አዝመራ የምትባል ሠራተኛ ነበረች።

«ስም ማን ልበል?»

«የጋሽ ላጲሶ ነው በይ።»

ቅዳሜ ደብዳቤው ታተመ። ማክሰኞ ዘርአጽዮን ተያዘ፤ ሐሙስ ዳኛ ፊት ቀረበ። ጋሽ ላጲሶ ግን ያለ ዳኛ ከታሰሩበት ስውር ቤት የወጡት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። እዚያ ሳሉ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሰው ልከው «ሳና»ን አስጠየቁ። በዚህ ስም የተመዘገበች የለችም ተባሉ።

ሰዓዲያ በከተማው ዳርቻ፣ እርሻ መሃል ወደ ተከራየችው ቤት ገባች። ጎረቤቶቿ በሌላ ስም ነው የሚጠሯት።

በመጋቢት፣ መገናኛ ላይ ሰዎች አንድ ሽማግሌ ደግፈው እሷ ወደ ተሳፈረችበት ሚኒባስ አስገቡ። ከዘራቸው ጉልበቷን ነካት።

«ልጄ፣ ጠጋ በይልኝ» አሉ ጋሽ ላጲሶ።

ድምጿን እንዳይለዩት አፏን ዘግታ ጠጋ አለችላቸው።