ያልተሳሳተው ማሽን

ሲያጨበጭቡላቸው ፕሮፌሰር ኮቫክ ሞተው ነበር። በፒትስበርጉ ቤተ ሙከራ፣ ድምፅ በማያስወጣው ክፍል ውስጥ፣ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሟል። ውጪ አዳራሹ ውስጥ ግን ድምፃቸው በማጉያው ይሰማል፤ ኮምፒውተሩም ሳይቆራረጥ የተነገረውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል እየለየ ይጽፋል። ገንዘብ ሰጪዎቹ የመንግሥት ሰዎች እያጨበጨቡ ከወንበራቸው ተነሡ። ድምፁ ሲያበቃ በሩን የከፈተው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኧርል ነው። ብቻውን ስለገባ ካቴና የገባበትም እሱ ነው።

መርማሪዋ ብሮዜክ በማግስቱ እዚያው ሰበሰበቻቸው፦ ኧርልን፣ የፕሮፌሰሩን ምክትል ዶክተር ደንፊን፣ ፕሮግራሙን የጻፈችውን ተማሪ ሮዳን።

«ዶክተር፣ ሰውየው ሲናገሩ እርስዎ የት ነበሩ?»

«እንግዶቹ መካከል። ስንት ጊዜ ልንገርዎት?»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ማይክሮፎኑን አስተካክዬላቸው ወጣሁ።»

«እኔ ስገባ እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር ብል ማን ይሰማኛል!» አለ ኧርል።

«ዝም በል አንተ!» አለ ደንፊ።

ብሮዜክ ወደ ሮዳ ዞረች። «ማሽኑ ስንት ጊዜ ተሳሳተ?»

«አንዴም!» ኩራቷ ሳታስበው አመለጣት።

«ባሌ ይህን ሁሉ ዘመን አብሮኝ ሲኖር አንድ ቀን እንኳ የምለውን በሙሉ ሰምቶኝ አያውቅም። ይህ ሳጥንስ ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጎ ያውቃል?»

ሮዳ አሁን ገባት። ማሽኑ የማይስተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲያስተምሩት ያሰሙትን ቴፕ። ሰው ግን ትናንት ያለውን ዛሬ በዚያው ድምፅ አይደግመውም። ኮቫክ ራሳቸው ማይክሮፎን ፊት በቆሙ ቁጥር ማሽኑ ጥቂት ቃል መሳቱ አይቀርም ነበር። ይህን ከተናገረች ጭብጨባው ውሸት ነው፤ ገንዘቡም የአራት ዓመት ልፋቷም እዚህ ያበቃል። ዝም ካለች ኧርል ወህኒ ይወርዳል።

«አስቢበት እንጂ፣ ሮዳ» አለ ደንፊ ቀስ ብሎ። «ማሽኑ ልጅሽ ማለት እኮ ነው።»

ኧርል ካቴናውን ያያል።

«በሕያው ድምፅ አድርጎ አያውቅም» አለች ሮዳ። «የሰማነው ያስተማርንበትን ቴፕ ነው።»

«እንግዲህ ድምፁ የቴፕ ከሆነ» አለች ብሮዜክ፣ «ሲሰማ ሰውየው በሕይወት ነበሩ የሚል የለም። ከዚያ በፊት እሳቸው ዘንድ ገብቶ የወጣው አንድ ሰው ነው። መስመሩን ከማይክሮፎን ወደ ቴፕ ማዞርም ማስተካከል ነው፤ አይደል ዶክተር?»

«ለምን ብዬ እገድላቸዋለሁ?»

«ፕሮፌሰሩ ማሽኑ ገና ነው ብለው ለእንግዶቹ ሊነግሩ ነበር» አለች ሮዳ። «ትናንት ጠዋት ሲነግሩዎት ሰምቻለሁ። እኔም ባይናገሩ ብዬ ተመኝቼ ነበር።»

ካቴናው ከኧርል እጅ ወደ ደንፊ ተዛወረ።

«እግዜር ይስጥሽ፣ እሙዬ» አለ ኧርል እጁን እያሻሸ። «አሁን ምን ልትሠሪ ነው?»

ሮዳ ማሽኑን አጠፋች። ካፖርቷን አንሥታ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።