ተመስገን ስንት ነው?

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ። እግራችሁን ዘርግታችሁ ብትቀመጡም አልቆጣችሁም፤ የምነግራችሁ ስለ ጉልበት ነው።

ሚሌኒየሙ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ቃሊቲ አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ የአሥራ አራት ዓመቷ እየሩሳሌም አባቷ ከተጋደሙበት አልጋ አጠገብ ቆማለች። አባቷ ጋሽ ቀናው በአቃቂ በሰቃ ቶርኖ ቤት ቀኑን ሙሉ ቆመው ብረት የሚቀርጹ ሰው ናቸው። ቀኝ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ አምስት ወር ሞላቸው። ዛሬ የመጨረሻ ቀጠሯቸው ነው። ድነዋል ከተባለ የሕክምና ካርዳቸው ይዘጋል፤ ሰኞ ማሽናቸው ፊት ይቆማሉ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሰኪና፣ መሀሏ ላይ የምትታጠፍ የፕላስቲክ ማስመሪያ የመሰለች መለኪያ ጉልበታቸው ጎን ይዛ እግራቸውን ቀስ አድርጋ አጠፈችው።

«መቶ ሃያ ዲግሪ! ጎበዝ ጋሼ። አሁን ደግሞ ሕመሙን ይንገሩኝ። ምንም ካላመመዎት ዜሮ፣ ጭራሽ የማይቻል ከሆነ አሥር። ደረጃ ሲወርዱ ስንት ነው?»

«ተመስገን።»

«ዜሮ ልበል?»

«ተመስገን አልኩሽ እኮ፣ ልጄ!»

ሰኪና ሳቅ ብላ ካርዳቸው ላይ ዜሮ ጻፈችና መልሳ ሰጠቻቸው። ውጭ አግዳሚው ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው።

እየሩሳሌም የተጻፈውን ዜሮ አየችው። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አባቷ ደረጃው ላይ ጥርሳቸውን ነክሰው ስንቴ እንደሚቆሙ ታውቃለች። ግን አባትን ሰው ፊት እንዴት አድርጎ ያርሙታል?

ታክሲ መያዣው ጋ ረዳቱ ይጮሃል። «አቃቂ! አቃቂ! ሁለት ሰው!»

ጋሽ ቀናው ቀኝ እግራቸውን መርገጫው ላይ አሳርፈው ሊነሱ ሲሉ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው።

«ፋዘር፣ ይግቡ እንጂ! እዚህ ልናድር ነው እንዴ?»

«ሂድ፣ ሂድ። የሚቀጥለውን እንይዛለን።»

ታክሲው ሄደ። እየሩሳሌም አልቻለችም።

«አባዬ፣ ሰኪናን ሸወድካት እኮ።»

«እኔ? ምን ብዬ?»

«ዜሮ ብላ ጻፈች።»

«ዜሮ መቼ ወጣኝ? ተመስገን ነው ያልኩት። ሰው አመመኝ ብሎ ፈጣሪውን ያማርራል?»

«አታማርር። ግን አንድ ደንበኛ ዘንግ ሊያስቀርጽ መጥቶ፣ ‹ውፍረቱ ስንት ይሁን?› ስትለው ‹ተመስገን› ቢልህ ትቀርጽለታለህ?»

ጋሽ ቀናው ሳቃቸው አመለጣቸው። «አንቺ ልጅ! በሚሊሜትር ካልነገረኝ ምኑን እቀርጽለታለሁ?»

«እና የአንተ ስንት ነው?»

ወደ መንገዱ ዞር ብለው፣ «ሰባት» አሉ። «ደረጃ ላይ ስምንት። ብነግራት ግን ሰኞ ሥራ አልገባም ማለት ነው፣ ጄሪዬ። ሌላ ሰው ማሽኔ ላይ ያቆማሉ።»

ሌላ ታክሲ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። እየሩሳሌም የታክሲውን በር አየች፤ የአባቷን ጉልበት አየች። ከዚያ ካርዱን ከእጃቸው ወስዳ ወደ ክሊኒኩ ተመለሰች። አልሮጠችም፤ አባቷ እየተከተሏት ስለነበር እሳቸው በሚችሉት እርምጃ ነበር የሄደችው።

«እህት ሰኪና፣ ዜሮው ልክ አይደለም» አለች፤ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቀና አለ።

ሰኪና አልተቆጣችም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ተነሳች። «አልጋ ላይ ለካሁ እንጂ ሰውነትዎ ሲጫነው አላየሁም። እስቲ እዚህ የበሩ ደረጃ ላይ ይውረዱልኝ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ቀናው ልጃቸውን አዩ። ወረዱ። አንድ፣ ሁለት፤ ሦስተኛው ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጋ» አሉ፣ ጣታቸውን ከጉልበታቸው ውስጠኛ ጎን አሳርፈው። «ስምንት።»

ሰኪና ዜሮውን ሰረዘች። ሐኪሙ በድጋሚ እንዲያያቸው ጻፈች። ሰኞ ማሽናቸው ፊት አልቆሙም፤ ካርዳቸውም ያን ቀን አልተዘጋም።

ልጆቼ፣ ሌላውን ብትረሱት ግድ የለኝም። ያቺን ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ የተናገረች ልጅ ግን፣ አደራ፣ አስታውሱልኝ።