የፊኒክሷ አበልጄ

ቅናተኛ ነኝ። መተማ ቆላ ባለችው ገንዳ ውሃ ከተማ ይህን የማያውቅ ካለ ኩብራ ትነግረዋለች። ኩብራ ጎረቤቴ ናት፤ ከሱዳን የሚመጣ ሽቶና ሳሙና ትሸጣለች። ባለቤቴ አዛናው ሳሙና ልግዛ ብሎ ከሱቋ ደጅ ትንሽ ከቆየ፣ ሳሙናው ስንት ዓይነት ቢሆን ነው ብዬ እንደምጠይቅ ለሰው ሁሉ አውርታብኛለች። አልዋሸችም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ይባል የለ? እኔ ገንፎ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምፈልገው ስንጥሩን ነው።

እንዲህ ያደረገችኝ ግን ሮዳስ ናት።

ተወልጄ ያደግሁት ደባርቅ ነው። ገንዳ ውሃ የመጣሁት የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ ሲሆን፣ ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ አገሬ ላይ ውርጭ የሚወርድበት ወር። ሹራቤን እንደለበስኩ ከአውቶቡስ ወረድኩ፣ መናኸሪያው ዞረብኝ፣ ወደቅሁ። ስነቃ ግራሶ በተቀባ ክንድ ላይ ተደግፌ ነበር። አንድ ጎልማሳ ውሃ በአናቴ እያፈሰሰ፣ «እህቴ፣ መጀመሪያ ሹራቡን አውልቂ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል» አለኝ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። አቧራው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

አቧራው አልነበረም። አዛናው የትራክተር መካኒክ ነው፤ በዚያ ቀን መናኸሪያ የመጣው ሮዳስን ሊሸኝ ነበር። ሮዳስ የጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ቀለበት አላሰሩም እንጂ አገሩ ሁሉ እንደ እጮኛሞች ነበር የሚያያቸው። ዲቪ ደረሳትና አሜሪካ ሄደች። እሷ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ወጣ፣ የእኔው ገባ።

ይህን የሰማሁት ከወደድኩት በኋላ ነው። ምን ላድርግ? አዛናው በረዶ የሞላበት ጆግ ይዞ ከትምህርት ቤቱ በር ይጠብቀኛል፤ ከደጋ የመጣች ሴት ሙቀት ይገድላታል ብሎ። ተማሪዎቼ እያዩ ይስቃሉ። ብዙም አያወራም፤ ጆጉን ሰጥቶኝ ስጠጣ ዝም ብሎ ያየኛል። በዚያ አስተያየቱ ተሸነፍኩና ተጋባን። በሆዴ ግን የሰው ትራፊ ነው የደረሰኝ የምትል ነገር ተቀምጣ ነበር፤ አንድ ቀን ስንጣላ እሱንም እንዲሁ አልኩት።

ልጃችን ማርያማዊት ተወልዳ ክርስትናዋ ሲቃረብ ሮዳስ ለዕረፍት መጣች። ከተማው ሮዳስ አማረባት፣ ሮዳስ ወፈረች ይላል። እኔንም አራስ ልትጠይቅ መጣች፤ የልጅ ልብስ ይዛ፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ ጨዋ ሆና። ክፉ ብትሆን እንዴት በተገላገልኩ። አዛናው ወንበር አቀረበላትና በእጁ ጠረገው። ከዚያ ደግሞ በፎጣ ጠረገው። ለእኔ ወንበር ጠርጎልኝ አያውቅም።

ሸኝተናት ስንመለስ መላው መጣልኝ። የልጃችንን ክርስትና ያነሳች ሴት አበልጃችን ትሆናለች። አበልጁን በሌላ ዓይን የሚያይ ወንድ ደግሞ እንኳን ከእግዜር ከጎረቤትም አይታረቅ። በማግስቱ ሄጄ፣ ማርያማዊትን ክርስትና አንሺልኝ አልኳት። ሮዳስ ረዘም ላለ ጊዜ ፊቴን አየች። ከዚያ እሺ አለችኝ። በሰማንያ ቀኗ ልጄን ታቅፋ ቤተ ክርስቲያን ስትቆም ከሁሉ በላይ እልል ያልኩት እኔ ነኝ።

ኩብራ ይህን ስትሰማ፣ «የሻረጌ፣ ወላሂ አጥር ያጠርሽ መስሎሽ በር ከፈትሽላት» አለችኝ። አትመቀኚኝ ብያት ወደ ቤቴ ገባሁ።

ነገሩ እሷ እንዳለችው ሆነ። አበልጅ መብት አለው። ሮዳስ ተመልሳ ከሄደች በኋላ በየእሑዱ ትደውላለች፤ ልጄን አሳዩኝ ትላለች። ጫማ ትልካለች። ጥርስ አበቀለች ወይ፣ ክትባቷን ጨረሰች ወይ ትላለች። ማን ምን ብሎ ይከለክላታል? በዚህ ላይ በየዓመቱ የሦስታችንንም ዲቪ እዚያው ሆና ትሞላልን ነበር። እኔ ዲቪ ለማን ደርሶ ያውቃል ብዬ ተውኩት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ በአዛናው ስም ደረሰን።

ሮዳስ የምትኖረው ፊኒክስ ነው። ካርታ ገልጬ አየሁት። አሜሪካ በደቡብ ምዕራብ በኩል በረሃ ናት፤ ከተማዋ በረሃው መሃል ተቀምጣለች። ከበረሃ ወደ በረሃ ልንሄድ ነው አልኩ። ሮዳስ በስልክ፣ «ሙቀቱን አትፍሩት፤ ውጪው መተማ ነው፣ ቤት ውስጥ ግን ማቀዝቀዣው ደባርቅ ያደርገዋል» አለችን። አዛናው ከልቡ ሳቀ። ደባርቅ የእኔ አገር ነው። በገዛ አገሬ ባሌን ታስቅልኛለች።

ለኤምባሲው የሚያስፈልገውን፣ እኔ ኃላፊነት እወስድላቸዋለሁ የሚለውን የተጠሪ ወረቀት እልካለሁ አለች። ሥራ እስክትይዙም እኔ ጋ ትቀመጣላችሁ፣ አንድ ክፍል ባዶ ነው አለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እኔ የሚታየኝ ያ ቤት ብቻ ነበር። ጠዋት ባሌ ፊቱን ሳይታጠብ ከክፍላችን ሲወጣ እሷ ሳሎን ቁጭ ብላለች። የሠራችውን ወጥ በልቶ ይጥማል ይላል። እኔም በሰው ቤት፣ በሰው ማዕድ፣ ባሌን ስጠብቅ እውላለሁ።

መሄድ ግን ያስፈልገን ነበር። ሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በመተማ የሚያልፈው ጭነት ሳስቷል። የእኛም መንገድ አንዱን ሳምንት ይከፈታል፣ ሌላውን ይዘጋል። ሰሊጥ የሚያርሰው ሰው ሲፈራ ትራክተሩ ይቆማል፤ የቆመ ትራክተር መካኒክ አይፈልግም። ከሁሉ የባሰው የማርያማዊት ወባ ነው። ክረምቱ በወጣ ቁጥር ይጥላታል። ባለፈው መስከረም ደረቴ ላይ እየተንቀጠቀጠች ሳለ ወደ ጎንደር ውሰዷት ተባልን፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። አዛናው ልጁን አቅፎ አስፋልቱ ዳር ቆመ፤ የሚያልፍ መኪና የለም። እግዚአብሔር ይመስገን እዚሁ ዳነች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ አስፋልት ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

እናም መወሰን አቃተኝ። ልጄን ሳይ እንሂድ እላለሁ፤ ባሌን ሳይ አንሄድም እላለሁ። አዛናው ደግሞ ዝም አለ። ዝምታው እሷን መናፈቅ መሰለኝ።

«ምን እያሰብክ ነው?» እለዋለሁ።

«የናፍጣ ፓምፕ።»

«ፓምፑ ፊኒክስ ነው ያለው?»

«የአቶ ማሩ ትራክተር ላይ ነው ያለው፣ የሻ» ይለኛል። አላምነውም።

የኤምባሲው ቀጠሯችን ከፋሲካ በኋላ ነበር። ሑዳዴ ገባ፤ ሮዳስ መደወል አቆመች። እሑድ አለፈ፣ ሌላም እሑድ አለፈ። የማትቀር ሴት እንዴት ትቀራለች? አሃ፣ አልኩ፣ ከእኔ ተደብቀው መገናኘት ጀመሩ ማለት ነው። ስንጥሩን አገኘሁት። አንድ ቀን ተማሪ ከተለቀቀ በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቼ ደወልኩላት። እዚያ ገና ሊነጋ ነው፤ ለሥራ ስትነሳ አገኘኋት።

መጀመሪያ ያለችኝ፣ «ልጄ ታመመች እንዴ?» ነው። ደህና መሆኗን ነገርኳት። ትንፋሿን ስትመልስ ሰማሁ። ከዚያ ወረቀቱ ለምን እንደዘገየ ጠየቅኋት።

«የትኛው ወረቀት? አዛናው ተይው ብሎኛል እኮ» አለች። «አትመጡም አይደል?»

«መቼ ነው ያለሽ?»

«ጾም ሳይገባ። ‹የየሻረግ ልብ ካላረፈ ገነትም ቢሆን አልሄድም። አንቺም ለጊዜው አትደውይ፣ ይከፋታል› አለኝ። እሺ አልኩት። አታውቂም ነበር?»

ያ ሁሉ ዝምታው ይህ ነበር። ትራክተር ሥር ተኝቶ የሚያስበው፣ የጣለውን ነገር ነው ለካ። ልጁን አቅፎ አስፋልት ዳር የቆመ ሰው፣ ለእኔ ሲል መንገዱን በእጁ ዘጋው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ስንት ዘመን ስመኘው የኖርኩት ነው፣ በእሷና በእኔ መሃል እኔን መረጠ። ደስ ግን አላለኝም። አፈርኩ።

ሮዳስ ቀጠለች። «የሻረግ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም። ያኔ ክርስትና አንሺልኝ ስትይኝ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል።»

«ታዲያ ለምን እሺ አልሽ?»

ከጀርባዋ የውሃ ቧንቧ ይንሿሿል፤ ዘጋችው።

«እኔም መታሰር ፈልጌ ነበር። ብቻዬን ልተወው አልቻልኩም። ልጅቷን ሳቅፋት ተውኩት።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«አበልጄ ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።»

ሌላ ሴት ብትሆን አዎ ብላ ታሳርፈኝ ነበር። እሷ አላሳረፈችኝም። ቀናሁባት፣ ከድሮው አብልጬ ቀናሁባት፤ ግን አመንኳት። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ።

በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ጋራዥ ይባል እንጂ በሣር የተከደነ ራኩባ ነው፤ ከጥላው ሥር ትራክተር ቆሟል፣ ከትራክተሩ ሥር የአዛናው እግሮች ይታያሉ።

«ለሮዳስ ምን አልካት?» አልኩት።

እግሮቹ መንቀሳቀስ አቆሙ። ቀስ ብሎ እየተሳበ ወጣና መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ነገረችሽ?»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽማ ለእኔ ስትይ እንሂድ ትያለሽ። ከዚያ እዚያ ሄደሽ ሲከፋሽ አያለሁ።» እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ የማይለቀውን ግራሶ ደጋግሞ ይጠርጋል። «የሻ፣ ከሳቅሽ ቆየሽ እኮ። እኔ ፊኒክስም ሆነ ገንዳ ውሃ ግድ የለኝም። አንቺ የምትስቂበት ቢሆንልኝ ነው።»

ትራፊ የሚባል ነገር እንዲህ አይናገርም። እንባዬ መጣ፤ ላቤን የጠረግሁ መስዬ ጠረግሁት። እሱም አይቶ እንዳላየ ሆነ።

«እንሄዳለን» አልኩት።

«ቤቷ?»

«ቤቷ።»

«ትቀኛለሽ።»

«እቀናለሁ። የራሳችንን ቤት እስክንከራይ ጠዋትም ማታም እቀናለሁ፤ አንተም ትችለኛለህ። ማርያማዊት ግን ሌላ ክረምት እዚህ አትከርምም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ጆጉን ሰጥቶ ያየኝ በነበረው ዓይን ነው ያየኝ።

ሮዳስ ጋ ደወልኩና ስልኩን ለእሱ ዘረጋሁለት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእሷ ጋር ሲያወራ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ፣ አጠገቡ ቆሜ፣ እያንዳንዷን ቃል እሰማ ነበር፤ ከእኔ ያመለጠችው ያቺ አትደውይ ያላት አንዲት ጊዜ ብቻ ናት። አሁን ድምፁን ቀነስኩት። «አንተ ንገራት» ብዬው ከራኩባው ወጣሁ።

ከማዶ ካለችው ኒም ዛፍ ሥር ሄጄ ቆምኩ። ከዚያ ድምፅ አይሰማም፣ ሰው ግን ይታያል። አዛናው መጀመሪያ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። ከዚያ ዝም ብሎ ሰማት፤ ብዙ ሰማት። ከዚያ ሳቀ። ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሳቀ። እግሬ ወደ እሱ ሊራመድ ተነሳ፤ የዛፏን ግንድ ይዤ መለስኩት።

ስልኩን ዘግቶ ሲመጣ፣ «ወረቀቱን ዛሬውኑ ትልካለች» አለኝ። እሺ አልኩት፤ ጎን ለጎን ሆነን ልጃችንን ልናመጣ ወደ ኩብራ ቤት ሄድን።

ይኸው ቪዛችን ወጥቷል፣ ዕቃችን ታስሯል። ምን ብላ እንዳሳቀችው እስካሁን አልጠየቅሁትም።