ሳይነግራት ሊሞት የነበረው ልጅ

ሱትዪንግ ዋይሎክን የወደደችው በፌዝ ነው። እሷ ሪችመንድ ከተማ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ትሸጣለች፤ እሱ ከጎኗ ስልክ ይጠግናል። አንድ ጠዋት መጥቶ ዳቦ ሲያዝ ድምፁ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር።

«አንተ፣ አፍንጫህን ቤት ረስተኸው ነው የመጣኸው?» አለችው።

ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ዳቦ ያምረው ጀመር። ተላመዱ፤ ተዋደዱ። ልትስመው ስትጠጋ ግን ፊቱን ያዞርባታል። እሷም የራሷን አፍ ጠርጥራ ቀኑን ሙሉ ማስቲካ ስታኝክ ትውላለች፤ ሞኟ።

ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ «ሌላ ሰው ፈልጊ፤ እኔ አልወድሽም» አላት። ዓይኑ ግን መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ዱቄት ክፍል ገብታ አለቀሰች።

ዛፎቹ ሲያብቡ ደወለ። ቀዶ ሕክምና አለኝ፣ ቤት የሚያደርሰኝ ሰው ከሌለ ሆስፒታሉ አይለቀኝም፣ እናቴን ማስደንገጥ አልፈለግሁም አላት። ያኔ ነው ሁሉን የሰማችው። አባቱን የገደለው የአፍንጫ ካንሰር ነው፤ በእነሱ በካንቶን ቻይናውያን ዘንድ በሽታው ስለሚበዛ ስሙ እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚነሳው። ዋይሎክ አፉ መሽተት ሲጀምርና አክታው ላይ ደም ሲያይ፣ የአባቴ መጣ ብሎ ሐኪም ሳያየው ተሰናበታት። በኋላ ሐኪሙ በአፍንጫው ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ቢያይ፣ ኤምአርአይም ቢያስነሳው፣ ከጉሮሮው በላይ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ተገኘ። ካንሰር አይደለም። ተከፍቶ ይፈሳል፤ እሱም በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል።

ሄደች። ሲጨርሱ ቤቱ አደረሰችው፤ የሩዝ አጥሚት አብርዳ በማንኪያ አጎረሰችው። ጉሮሮው ቆስሎ ስለነበር ቃላቱን እየቆጠበ፣ «አሁን እኮ ደህና ነኝ። እንጋባ» አላት።

ማንኪያውን አስቀመጠች። ደስታዋም ቁጣዋም አንድ ላይ መጡባት።

«ካንሰር ቢሆን ኖሮ መሞትህን ከማን ልሰማ ነበር? ከዳቦ ደንበኛ?»

«እንዳታዝኚ ብዬ ነው።»

«ማዘኑንም እኮ ፈልጌው ነበር፣ ዋይሎክ። ማን ቀማት አለህ?»

የእሱን ስልክ አንስታ እናቱ ጋ ደወለች።

«እማማ፣ ልጅዎ ታሞ ነበር። አሁን ድኗል፤ ይምጡ።»

እናትየው ወዲያው ለቅሶዋን ለቀቀችው፤ እየተሳደበች፣ እያመሰገነች፣ እየተንሰቀሰቀች። ሱትዪንግ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች በዚያ ለቅሶ ቀናች። ሴትየዋ እስክትደርስ ጠብቃ በሩን ከፈተችላት፤ ከዚያ «እንጋባ» ያለውን እዚያው ትታ ኮቷን ለብሳ ወጣች።